ስም የተጻፈበት ዶላር

ሰኔ ሚካኤል፣ 2016

የንጉሡ የላሊበላ በዓል ዛሬ ዋለ። ዝናብ መታን። የአገር ሰው እንጂ ፈረንጅ አንድም አልመጣ። በዝናብ ቀን የሰው ሁሉ ጫማ ያው ፕላስቲክ ነው፣ ጭቃውም ያው ጭቃ ነው፣ እኔ ግን አልተምታታብኝም። በቤተ ጊዮርጊስ በር ጫማ ስጠብቅ አርጅቻለሁ። ጫማዬ ተለወጠ ያለኝ ሰው ካለ ይምጣ።

የሚስቴ የባንችይርጋ ሰባተኛ ሙት ዓመት በጥቅምት ሚካኤል ይሞላል። ስትሞት እጇን ይዤ ተዝካርሽን በወጉ አበላለሁ ብያታለሁ። በሬ ይታረዳል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ካህናቱም ደሀውም ይበላል። ዶላሩን የያዝኩት ለዚህ ነው። ኮሮና መጥቶ እንግዳ ሲቀር አልነካሁትም። ጦርነቱ ሲመጣ ቆሎ ቆርጥሜ አደርኩ እንጂ አልነካሁትም። የዳዊቴ ማኅደር ውስጥ ከመጽሐፉ ጋር ተቀምጧል።

ፈረንጅ ጫማውን ሲቀበል ዶላር ከሰጠኝ ስሙን እጠይቀዋለሁ። ስሙን ዶላሩ ዳር ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። የሰጠን ሰው ስሙን ጠርተው ይጸልዩለታል፣ ወጉ ይሄ ነው። ስሙን ከረሳሁት በማን ስም ልለምን? የገና ዕለት አውጥቼ አንድ በአንድ እጠራቸዋለሁ። ባንችይርጋ ትስቅብኝ ነበር። «ይሄን ስም ሰማይ ቤት የሚሰማልህ የለም፣ አስተርጓሚ ፈልግ» ትለኝ ነበር።

ከሁሉም የምሳሳለት አንድ አለ። ባንችይርጋ ታማ ተኝታ ሳለ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ እቤት ድረስ መጥታ በእጇ ያስያዘቻት ነው። ስሟ ሐና ነው። የባንችይርጋም የክርስትና ስሟ ወለተ ሐና ነውና «ሞክሼዬ ነሽ» ብላት ትራሷ ሥር አደረገችው። እሱ ላይ ሐና ብዬ ስጽፍ የ«ሐ» ፊደል አንድ እግሯ ጠመመብኝ።

ማታ ልጄ ኢያቄም ከሚስቱ ከሰብሌ ጋር መጣ። አስጎብኚ ነው፣ ግን የሚጎበኝ የለም።

«አባ፣ ዶላር ቤት ማስቀመጥ ያስቀጣል እኮ» አለኝ።

«ማን አየብኝ?»

«ሕግ ነው። ያገኘ ሰው ባንክ ወስዶ መመንዘር አለበት።»

«እንግዲያው ይመንዘራ!»

«ባንክ ለአንዱ የሚሰጥዎ ሃምሳ ሰባት ብር ነው። አረጋ እጥፉን ይሰጣል።»

አረጋ ለእንግዳ መስቀልና ነጠላ የሚሸጥ ባለሱቅ ነው። ከመጋረጃው ኋላ ምን እንደሚሠራ አገር ያውቃል።

«አሁን ሕግ ነው ያልከኝ አንተው አይደለህም እንዴ? አፍህ እንኳ ሳይደርቅ!»

«ለአረጋ ይሽጡልኝና ግማሹ ለእማ ተዝካር ይሁን፣ ግማሹን ያበድሩኝ። ሰብሌ ነፍሰ ጡር ናት። ሥራ የለኝም፣ ያውቃሉ።»

የእናትህን ተዝካር በተሰወረ ገንዘብ አላበላም፣ አንተም ደላላ ነህ እንጂ ልጄ አይደለህም አልኩት። ሰብሌ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሷም ትስማ ብዬ ነው ጮክ ያልኩት።


ሰኔ ገብርኤል

ኢያቄም ተመልሶ መጣ። እልኽ የለውም፣ በዚህ እናቱን ነው። «ባንክ ይሁን ካሉ ባንክ ይሁን» አለ። የቀበሌ መታወቂያዬ ጊዜው አልፏል፣ እሱ በራሱ ስም ይመነዝርልኛል። ማኅደሩን ፈትቼ ሰጠሁት። የሐናን ላስቀር ብዬ ነበር። ሕግ ከሆነ ለአንዱም ሕግ ነው ብዬ ጨመርኩት።


ሰኔ ማርያም

ብሩን አመጣልኝ። በሃምሳ ሰባት ሒሳብ። ደረሰኙን ዝናብ አበላሸው አለኝ። የዛሬ ወረቀት ለዝናብ አይሆንም።

በሬ ይገዛል፣ ይተርፋልም። ንጹሕ ገንዘብ ነው። በኩራት እሰጣለሁ።


ሐምሌ አቦ

ኢያቄም ባጃጅ ይዞ መጣ! አዲስ አይደለም፣ ግን ጎማው ደህና ነው። «የጓደኛዬ ነው፣ በድርሻ ነው የምሠራው» አለ። ከበሬ አይሻልም ወይ ብዬ ቀለድኩበት፣ ሳቀ፣ ግን ቶሎ ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ከቤቴ እስከ ቤተ ጊዮርጊስ ወሰደኝ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ እጄን አውጥቼ ሰላም አልኩ። ሰው ልጅ ሲወልድ ለዚህ ነው።


ሐምሌ ዑራኤል

ሬዲዮ። ዶላር ለገበያ ተለቀቀ ይላል። መንግሥት ዋጋ አይቆርጥም፣ ባንክና ገበያ ይቆርጣል። ደግሜ ሰማሁት። ልክ ነው።


ሐምሌ ጊዮርጊስ

በር ላይ ሰው ሁሉ የሚያወራው ይሄንኑ ነው። እኔ ስለ ገበያ የማውቀው የሙጃን ከተማ የገብስ ገበያ ነው። ገብስህን ጭነህ ትወጣለህ፣ አንዱ ይቆነጥርና ይቀምሳል፣ ሌላው ድንጋይ አለበት ይልሃል፣ ሲመሽ ዋጋው ይወጣል። ገንዘብ ራሱ እንደ ገብስ ተጭኖ ገበያ ሲወጣ ግን አይቼ አላውቅም። ታዲያ ማን ቆንጥሮ ቀመሰው?

በሃምሳ ሰባት ከሰጠሁ አንድ ወር ሆነኝ። አንድ ወር! ትናንት ሰባ ገባ አሉ። ቤት ማስቀመጥ ያስቀጣል አሉኝ፣ ታዘዝኩ። የደበቀው አተረፈ። ሕግ ያከበረው እኔ ባዶ እጄን ቀረሁ። ያውቁ ነበር። ዶላሬ እስኪገባላቸው ነው የጠበቁት።

ለኢያቄም ነገርኩት። ባጃጁን ያጥባል። «አባ፣ ያለፈ ነገር ነው፣ ይተዉት» አለኝ። አልተወውም።


ነሐሴ ሥላሴ

መቶ አለፈ። በሬ የጠየቅኩት ሰውዬ ዋጋውን ሲነግረኝ ቀንዱ የወርቅ ነው ወይ አልኩት። ዘይቱ ወጣ፣ ስኳሩ ወጣ፣ ጌሾው እንኳ ወጣ። ጌሾ ከመቼ ወዲህ ነው ከአሜሪካ የሚመጣው?

ያለኝ ብር ግማሽ በሬ አይገዛ።

አሁን ደግሞ ባንክ በዶላር ሒሳብ ይከፍታል ይላሉ። እንግዲህ ለኔ ጊዜ ብቻ ነው የተከለከለው።


ነሐሴ ሚካኤል

ባንክ ሄድኩ። ዶላር የምትመነዝረው ሰገነት የምትባል ልጅ ናት፣ የመሪጌታ ልጅ፣ ድሮ ጫማዋን የጠበቅሁላት። በሰኔ የመነዘራችሁብኝን ልዩነቱን መልሱ አልኳት።

«አያ ሰውአገኝ፣ በሰኔ በማን ስም ነው?»

«በልጄ በኢያቄም።»

ፈልጋ ፈልጋ «የለም» አለችኝ።

«ስም ስም የተጻፈባቸው ናቸው፣ እንዴት ይጠፋሻል?»

«ጽሑፍ ያለበትን ዶላር እኔ ተቀብዬ አላውቅም። መልሰን እንሰጣለን እንጂ አንቀበልም። እዚህ አልመጣም አባቴ። ልጅዎን ይጠይቁት።»

ልጄን አለችኝ! ደሜ ፈላ። ሌባ አልኳት፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ። ዶላሬን ደብቃ፣ ዋጋው እስኪወጣ ጠብቃ በላችው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ዘበኛው በእጄ ይዞ አወጣኝ። እኔን! ጎትቶ!

ኢያቄም «ሠራተኛ ተቀይሮ ይሆናል፣ ኮምፒዩተር ይሳሳታል፣ ሰው ፊት እንዲህ አይናገሩ» አለኝ። ልቡ የዋህ ነው። ሰው ሲሰድቡ አይወድም።


ነሐሴ ማርያም

ፍልሰታ እስኪፈታ ታገስኩ። ዛሬ አስገዘትኩ።

የንስሐ አባቴ መምሬ ገብረ ዮሐንስ ቤታቸው ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ነው። ኢያቄም በባጃጁ ወሰደኝ። መንገዱን ሙሉ «ይቅርብዎ አባ» ይላል። «ለአንድ ተዝካር ብለው ሰው ነፍስ ላይ…» ይላል። የእናትህ ተዝካር ነው አንድ ተዝካር የምትለው አልኩት።

መምሬም ከለከሉኝ። «ሰውአገኝ፣ ግዝት ከአፍ ከወጣ በማን ላይ እንደሚያርፍ አንተም እኔም አናውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ሄደህ በሽማግሌ ጠይቃት። ግዝት ለማይታወቅ ነው።»

አልሰማኋቸውም። ሰባት ዓመት የጠበቅሁትን ገንዘብ ነው ያልኳቸው። ልብሳቸውን ይዤ ለመንኩ። መጨረሻ መስቀሉን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ፣ ለማርያም በመጣው ሰው ፊት ከደጀ ሰላሙ ቆሙ። የሰውአገኝን ዶላር ያታለለ፣ የበላ፣ ተካፍሎም የበላ፣ እስኪመልስ ድረስ ደጀ ሰላም አይርገጥ፣ መስቀል አይሳለም፣ ቤቱም የታሰረ ይሁን አሉ። የቆመው ሰው ሁሉ አሜን አለ። የኔ አሜን ከሁሉ በላይ ተሰማ።

ኢያቄም ከባጃጁ አልወረደም። ስመለስ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ነበር። ተኝቶ ነው መሰለኝ።


ነሐሴ መድኃኔ ዓለም

ሰገነት በቅዳሴ መጣች። ጫማዋን አውልቃ እፊቴ አስቀመጠች፣ ቀና ብላም አየችኝ።

«አያ ሰውአገኝ፣ ሌባዋ መጣሁልዎ። ግዝትዎ ካገኘኝ እዚሁ በርዎ ላይ ልቅር።»

ገብታ በሩን ሳመች፣ መስቀል ተሳለመች፣ ጠበል ጠጣች። ሲወጣ ጫማዋን ሰጠኋት። ድፍረቷ ነው ያናደደኝ።


ጳጉሜን 3

ጭቃ። ኢያቄም ሥራ በዝቶበታል፣ ቤተ ክርስቲያን የመምጫ ጊዜ የለውም። ጫማው በእጄ ከገባ ቆየ።


መስከረም ሚካኤል፣ 2017

መምሬ ሰፈር ሲያልፉ መስቀላቸውን ዘረጉ። ሁላችን ተሳለምን። ሰብሌ ከበሩ ኋላ ገባች። ሆዷ ገፍቷል፣ ሴት ልጅ በዚህ ጊዜ ዓይነ አፋር ትሆናለች።

ከሰዓት ሽሮ ይዛልኝ መጣች። ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«አባባ፣ ግዝቱን ያስፈቱልኝ።»

«ያስፈቱልኝ? አንቺ ምን አግብቶሽ?»

«አገሩን ሁሉ ከብዶታል። የመውለጃዬ ቀን ደርሷል። ያለፈውን እንዴት እንዳጣሁት ያውቃሉ።»

የመጀመሪያው ሞቶባቸዋል፣ አውቃለሁ። ሆስፒታል ለመድረስ መኪና ታጥቶ ነው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አንቺ አትፍሪ አልኳት።

«በታሰረ ቤት የሚወለድ ልጅ ምን ይሆናል?» አለችኝ።

«እንደ አባቱ ይሆናል» አልኳት። ስለ ሌባዋ ቤት የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነው። ሳህኑ ከእጇ ወደቀ።

ይኸው መሽቷል፣ አልተኛሁም። ምን ብላ ነው የጠየቀችኝ? ሰገነት ልጅ የላትም፣ ባልም የላት። አገር ሁሉ ስለ ግዝቱ ያወራል፣ እሷም ከሰው ሰምታ ነው። ለነፍሰ ጡር ይከብዳል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሌላ ነገር የለም። ነገ ሳህን ገዝቼ እሰጣታለሁ።


መስከረም ማርያም

የሐ እግሯ ጠማማ ነው።


መስከረም ዑራኤል

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ልጻፈው።

ከውጭ አገር የመጣች ያገራችን ሴት ነች፣ ነጠላዋ ነጭ፣ ጫማዋ ቀይ። ስትወጣ ዶላር ሰጠችኝ። «አባቴ፣ ባለሱቁ መልስ ብሎ የሰጠኝ ነው፣ ተጽፎበታል፣ ቅር አይበልዎ» አለች። ገለበጥኩት። ሐና ይላል። በኔ እጅ የተጻፈ።

ስሟን አልጠየቅኋትም። የጠየቅሁት ከየት ሱቅ እንደሆነ ነው። ከአረጋ አለች።

ከዚያ ወዲያ የሰው ጫማ አምታታሁ። የአንዱን ለአንዱ ሰጠሁ። ሰውዬው «አያ ሰውአገኝ፣ ዛሬ ምን ነካዎ?» ብሎ ሳቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ።


መስከረም ጊዮርጊስ

አረጋ ዘንድ ሄድኩ። ዶላሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ይሄን ከማን ገዛህ?»

«አያ፣ እኔ የምሸጠው መስቀል ነው።»

«መጋረጃህን ልግለጠው?»

በሩን ዘጋ። «በጽሑፉ ምክንያት የሚወስድልኝ አጥቼ ስንት ወር ታቀፍኩት መሰልዎ! እንግዳ ሲመጣ መልስ እያደረግሁ ነው የገፋሁት። ከስሬበታለሁ እኮ!»

«ከማን ነው ያልኩህ።»

«አይጠይቁኝ።»

«በስንት?»

በስንት እንደሆነ ነገረኝ። ከሃምሳ ሰባቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። «ደግሞ ሲሸጥልኝ አለቀሰ» አለኝ፣ እንደሚያጽናናኝ ሆኖ። ዶላሬን ይዤ ወጣሁ። በሱቁ በር ላይ ባጃጆች ተሰልፈዋል። የትኛው የማን እንደሆነ አላየሁም። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ባንክ አላታለለኝም። ሬዲዮውም አላታለለኝም። መንግሥት ዋጋ ሲለቅ ቢያንስ በሬዲዮ ነግሮኛል። ከወንዝ ባሻገር የሚኖር ሽፍታ ቢዘርፈኝ እጮህ ነበር። አሁን በማን ላይ እጮሃለሁ? በባጃጁ ተቀምጬ ሰው ሁሉ ላይ እጄን ያወዛወዝኩት እኔ ነኝ።

ምን ነበር ቢነግረኝ?


መስከረም መድኃኔ ዓለም

ኢያቄምን አስጠራሁት። ወደ መምሬ ቤት ውሰደኝ አልኩት። ከከተማው እንደወጣን ቁም አልኩና ዶላሩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

አየው። ሞተሩን አጠፋ።

«አባ…»

«ንዳ።»

«ያን ጊዜ ለሰብሌ መኪና አጥቼ ነው ልጄ የሞተብኝ። አሁንም እንደዚያ እንዳይሆን ነው። ጠይቄዎት ነበር እኮ። ለምኜዎት ነበር።»

«ንዳ አልኩህ!»

ነዳ። ሲያለቅስ ትከሻው ከኋላ ይታየኛል። ባጃጁ መንገዱን እየሳተ ገደል ሊከተን ነበር።

እሱ ራቅ ብሎ ቆመ፣ እኔ ብቻዬን ገባሁ። ግዝቱን ይፍቱልኝ፣ ገንዘቡ ተገኝቷል አልኳቸው። ዶላሩን አሳየሁ። መምሬ አንዷን ዶላር አገላበጧት።

«ሙሉው ተገኘ?»

«ሙሉው።»

«የበላው መለሰ?»

«አልተበላም። ቤቴ ነበር።»

መምሬ በበሩ ወደ ውጭ ባጃጁን አዩ፣ ተመልሰው እኔን አዩ። የንስሐ አባቴን ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው። መስቀሉን አነሡ። ፈቱት። ይሄን ጊዜ አሜን ስል ድምፄ አልወጣም።

ስወጣ ኢያቄም የባጃጁን በር ከፍቶ ቆሞ ነበር። አልፌው በእግሬ መጣሁ። እስከ ከተማው ከኋላዬ በቀስታ ተከተለኝ። መብራቱ ጥላዬን ከፊቴ ጣለው። ዞር አላልኩም።

የጻፍኩትን ሁሉ ገልጬ አነበብኩ፣ ከሰኔ ጀምሮ። እውነት ነው፣ ጠይቆኛል። ምን ብዬ እንደመለስኩለትም ተጽፏል።


ጥቅምት 1

ባንክ ሄጄ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ሰገነትን፣ ሰልፉ እንዲሰማ አድርጌ፣ ገንዘቤ ተገኝቷል፣ አንቺ ንጹሕ ነሽ አልኳት።

«የት ተገኘ?» አለችኝ።

«ቤቴ።»

ትክ ብላ አየችኝ። ገብቷታል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይሁን አባቴ፣ ይቀመጡ፣ ውሃ ላምጣልዎ?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቀመጥኩም።


ጥቅምት ሥላሴ

ሰብሌ ሌሊት ምጥ ይዟት፣ ኢያቄም በባጃጁ ወደ ሆስፒታል ወስዷት፣ ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው። ሐኪሙ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ…» አለ አሉ።

እንግዲህ ምን ልበል።


ጥቅምት ሚካኤል

ተዝካሯ ዛሬ ሆነ። በሬ የለም፣ ከአረጋ እጅ የወጣውን ብር ለተዝካሯ አላወጣሁትም። ዳቦና ንፍሮ፣ አንድ ጋን ጠላ፣ ከጎረቤት የተዋጣ። መምሬ «ባንችይርጋ በዚህ አትከፋም» አሉ። እሷ አትከፋም። ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።

ጠዋት ቅዳሴ ሳይገባ ቤተ ጊዮርጊስ በር ላይ ነበርኩ። ብዙ ሰው መጣ። ጎንበስ ብዬ ጫማ ስደረድር አንድ ሰው እፊቴ ቆሞ ጫማውን ሳያወልቅ ቆየ። ጫማውን አውቄዋለሁ። የግራው ተረከዝ ወደ ውስጥ ያልቃል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያ ነው የሚረግጠው። ቀና አላልኩም።

«ልግባ አባ?» አለኝ።

«በሩ የኔ አይደለም» አልኩት።

አወለቀ። ጭቃውን በመዳፌ ጠረግሁና ከሌላው ሰው ጫማ ጋር ደረደርኩት። ሲገባ በሩን ለረጅም ጊዜ ሳመው፣ ከኋላው ያሉት ቆመው ጠበቁት።

ሲወጣ ጫማውን አቀረብኩለት። «ልጅቷን ሊያዩ አይመጡም? ላድርስዎ» አለ፣ ወደ ባጃጁ እያየ።

«እመጣለሁ» አልኩት። «በእግሬ።»

የሐናን ዶላር ማኅደሩ ውስጥ መልሻታለሁ። ያስቀጣ እንደሆነ ይቅጡኝ። ለልጅቷ ክርስትና ስም ሲጠይቁኝ የምለውን አውቄያለሁ።